መጽሐፌን «ለማበረታታት» አትግዙልኝ

ዛሬ ረዘም ይላል። ኤርፖርት ወረፋ ላይ የቆማችሁ አሁኑኑ አንብቡት፤ ሰው የጫናችሁ ማታ ቤት ስትገቡ ይደርሳል።

የግጥም መድበሌ ከታተመ አንድ ዓመት ሞላው። እንደምታውቁት በራሴ ገንዘብ ነው ያሳተምኩት፤ 300 ቅጂ። 214 ተሸጠ፣ 40 ለዘመድ ወዳጅ በስጦታ ሄደ፣ 46 ቤት አለ። «ለአማርኛ ግጥም፣ ያውም በሰው አገር፣ ይሄማ ትልቅ ነገር ነው» ይሉኛል። እሺ፣ ትልቅ ነገር ይሁን። አንድ ሌላ ቁጥር ግን ልጨምርላችሁ። በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ አንድ ግጥም፣ ስለ አንድ ስንኝ፣ ስለ አንዲት ቃል እንኳ አንስተው ያነጋገሩኝ ሰዎች አራት ናቸው። የቀሩት 210 ሰዎች ያሉኝ ቃል አንድ ነው፦ «በርታ!»

ከአራቱ አንዱ ደግሞ ግጥሙን አልወደደውም። ከ214ቱ ሁሉ አብልጬ የማመሰግነው እሱን ነው።

የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ነው። ቀጣዩን መጽሐፌን፣ የሌላውንም ገጣሚ መጽሐፍ «ለማበረታታት» ብላችሁ አትግዙ። ልታነቡት ግዙ። የማታነቡት ከሆነ 20 ዶላራችሁን ይዛችሁ ምሳ ብሉበት፤ ማንም አይቀየማችሁም።

«ምነው፣ ገንዘብ ከፍለን ልንሰደብ ነው?» የሚል ይኖራል። ቆዩ፣ አስረዳለሁ።

እስቲ ቃሉን እንየው። እኛ የምናበረታታው ማንን ነው? የታመመን፣ የወደቀን፣ ፈተና የተቀመጠን ልጅ። ምግብ ቤት ገብታችሁ ክትፎ ስታዙ «ባለቤቱን ላበረታታ» ብላችሁ አይደለም። ቅቤው ካልጣመ ትናገራላችሁ፤ ሁለተኛ ካልጣመ አትመለሱም። መካኒኩ ፍሬን ሲሠራላችሁ «በርታ ወንድሜ» ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትወጡም፤ ረግጣችሁ ትሞክሩታላችሁ። ሥራውን ስለምትፈልጉት፣ ሕይወታችሁ ስላለበት ትፈትሹታላችሁ። ግጥም ላይ ስንደርስ ብቻ ገንዘባችንን አውጥተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ሳንገልጠው እንሄዳለን። ይሄ ለእኔ አክብሮት አይደለም። «አንተ የምትጽፈው ቢጥምም ባይጥምም ለውጥ የለውም» ማለት ነው። ፈገግታ የለበሰ ንቀት ነው።

የምረቃውን ሥርዓት ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአበሻ ሰዓት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይጀመራል። መድረኩ ላይ ከመጽሐፉ ይልቅ የደራሲው ፎቶ የገነነበት ባነር ይሰቀላል። ሦስት የክብር እንግዶች ይጋበዛሉ። አንደኛው ተነስቶ «መጽሐፉን ገና አላነበብኩትም፤ ደራሲውን ግን ለረጅም ጊዜ አውቀዋለሁ» ይላል፤ ይጨበጨባል። ሁለተኛው ስለ አገራችን ወቅታዊ ሁኔታ ግማሽ ሰዓት ይናገራል። ሦስተኛው የመጀመሪያዋን ቅጂ ለጨረታ ያወጣል፤ 100፣ 200፣ 500 ዶላር ይባላል፣ እልል ይባላል። ከዚያ ዘፋኝ፣ ከዚያ ምግብ። ገጣሚው በመሐል ሁለት ግጥም ያነባል፤ ልጆች እየሮጡ፣ ሳህን እየተንኳኳ። አምስት ሰዓት ሙሉ ስለ ግጥም መጽሐፍ ተሰብስበን ስለ ግጥም የተወራው ዐሥር ደቂቃ አይሞላም።

ሒሳቡን እንይ። ለአዳራሹ ተከፍሏል። ለምግቡ ተከፍሏል። ለባነሩ፣ ለድምፅ ማጉያው፣ ቪዲዮ ለሚቀርጸው ተከፍሏል። መጽሐፉን ቃል በቃል አንብቦ ላረመው ሰው ስንት ተከፈለ? ብዙውን ጊዜ ዜሮ። «የአክስቴ ልጅ አየት አድርጎልኛል» ነው መልሱ።

ዱሮ መጽሐፍ ማሳተም በራሱ ትግል ነበር። ዛሬ አይደለም። ሰው ባዘዘ ቁጥር አንድ አንድ ቅጂ የሚያትሙ ድርጅቶች አሉ፤ ፋይሉን ትልካለህ፣ በሳምንቱ መጽሐፉ በርህ ላይ ነው። አዲስ አበባ አሳትመህ በሻንጣ ልታስመጣም ትችላለህ፤ አንድ 120 ገጽ ያለው መጽሐፍ 150 ግራም ያህል ቢመዝን በአንድ 23 ኪሎ ሻንጣ 150 ቅጂ ይገባል። እኔ ሳሳትም አይኤስቢኤን የሚባለው መለያ ቁጥር እዚህ አሜሪካ አንዱ 125 ዶላር ነበር፤ ዐሥሩ አንድ ላይ 295። የቅጂ መብት ማስመዝገቢያው 45 ዶላር። ፊደላችንም ቢሆን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ስልክ ያለው ሁሉ ይጽፍበታል። እንግዲህ መንገዱ ሁሉ ተጠርጓል። ጥሩ ነው፤ እኔም የተጠቀምኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ አንድም ሰው «ቆይ፣ ይቺ ስንኝ ምን ማለቷ ነው?» ብሎ አይጠይቅህም። ክፍያውን ተቀብሎ ያሳልፍሃል።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ታክሲ ከመያዜ በፊት መሐንዲስ ነበርኩ። የሕንፃ ንድፍ ሲወጣ ከወረቀቱ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ አለች። «የነደፈው»፣ «የመረመረው»፣ «ያጸደቀው» ትላለች። የነደፈው ሰነፍ ነው ተብሎ አይደለም የሚመረመረው። ጎበዝም ቢሆን የራሱን ሥራ ዐሥር ጊዜ ቢያየው ዐሥሩንም ጊዜ በዚያው በመጣበት መንገድ ስለሚሄድ ነው። ሌላ ዐይን ያስፈልጋል። ሦስቱም ቦታ ላይ የአንድ ሰው ፊርማ ያለበት ንድፍ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ፣ እኔ በዚያ ሕንፃ ሥር መኪና አላቆምም።

የእኛ የግጥም መጻሕፍት ሦስቱም ቦታ ላይ የአንድ ሰው ፊርማ ነው ያለባቸው።

«ይሄ የፈረንጅ አሠራር ነው፤ የእኛ ባህል መከባበር ነው» እንዳትሉኝ። የማንን ባህል ነው የምታወሩት? ቅኔ ቤት የገባ ይንገራችሁ። ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ያርሙታል። ቤት ከጎደለ ጎደለ ይባላል፤ ሰሙና ወርቁ ካልተገናኙ አልተገናኙም ይባላል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ እሷን ለማቃናት ስንት ቀን ይደከማል። «ይበል!» የሚባለው ለሚገባው ነው፤ እንደ «በርታ» ለመጣ ለሄደው አይታደልም። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላ ስም የሚጠራ የቅኔ ቤት ያለው ሕዝብ «መተራረም ባህላችን አይደለም» ሲል ትንሽ ሊያፍር ይገባል። አባቶቻችንም «ወዳጅ የሚያስለቅስህን፣ ጠላት የሚያስቅህን ይነግርሃል» ያሉት ለዚሁ ነው።

ደግሞ አርታኢ ሲባል ሳንሱር የሚመስለው አለ። አንድ ጓደኛዬ «ከአገር የወጣነው የሚቆርጠን አጥተን ነው እንዴ?» አለኝ። ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ክርክሩ ግን አይሠራም። ሳንሱር ለመንግሥት ብሎ ነው የሚያነበው፤ ምን እንዳልክ እንጂ እንዴት እንዳልክ አያስጨንቀውም። አርታኢ የሚያነበው ለአንባቢው ብሎ ነው፤ ልትል የፈለግከው ወረቀቱ ላይ መድረስ አለመድረሱን ነው የሚነግርህ። የሳንሱርን መቀስ እምቢ ማለት አትችልም። የአርታኢን እርሳስ እምቢ ማለት ትችላለህ።

እኔ ምን አደረግኩ? 92 ግጥም ይዤ ጡረታ ከወጡ አንድ የአማርኛ መምህር ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። «ገንዘብ አልቀበልም» አሉ፤ «እንግዲያው አልሰጥዎትም» አልኩና ተስማማን። አራት ወር ፈጀባቸው። ሲመልሱልኝ 61 ቀርቷል። 31 ግጥም ወጣ። ይህንን የሰሙ ወዳጆቼ በእኔ ፈንታ ተናደዱ። «እንዴት ትፈቅድላቸዋለህ? ልጆችህ አይደሉም ወይ?» አሉኝ። ልጆች አይደሉም። ግጥሞች ናቸው። ከ31ዱ ዐሥራ አንዱ «ናፍቆት» የሚለውን ቃል ይዘው ሌላ የሚሉት አልነበራቸውም።

መቁረጥ ብቻ አይደለም የሚሠሩት። ፊደላችን አንድ ጠባይ አለው፤ ማጥበቅና ማላላት አያሳይም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» ማለታችን አይታወቅም። «አለ» ብለን ስንጽፍ ተናገረ ይሁን ይኖራል አይለይም። በተራ ጽሑፍ ዐረፍተ ነገሩ ያቃናዋል። ግጥም ግን አጭር ነው፤ የሚያቃና ቦታ የለውም። ጸሐፊው ደግሞ ይህን ፈጽሞ ሊያየው አይችልም፤ በጆሮው የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነውና።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። «አገር የናፈቀው ሰው ሌሊት ይበላል» የምትል መስመር ጽፌ ነበር። እኔ «በ»ን አጥብቄ ነው የሰማኋት፤ ናፍቆት ሰውየውን ይበላዋል። ጋሼ ላላ አድርገው አነበቧት። ሰውየው ራሱ ይበላል፤ ከሌሊት ሥራ ገብቶ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ ቆሞ ቀዝቃዛ እንጀራ ይጎርሳል። ሳቁና «ልጄ፣ ሁለቱም እውነት ነው፤ ቦታዋን ብቻ ቀይርላት» አሉኝ። ቦታዋን ቀየርኩ፤ አሁን ሁለቱንም ትላለች። ይህን 214 «በርታ» ሊሰጠኝ አይችልም። አንድ የሚያነብ ሰው ነው የሰጠኝ።

በሌላ በኩል የሚያጠቁን አሉ። «በራስ ገንዘብ ማሳተም ውድቅ የተደረገ ሰው ሥራ ነው» የሚሉ። በተለይ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ወንድሞቻችን ይህን ይወዱታል። ለእነሱ ደግሞ ሌላ መልስ አለኝ።

አንደኛ፣ በአገራችን አብዛኛው የግጥም መድበል የሚወጣው ከገጣሚው ኪስ ነው። ግጥም አሳታሚ አያከብርም፤ ይህ የዛሬ ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ እዚሁ አሜሪካ ዋልት ዊትማንን ተመልከቱ። በ1855 «የሣር ቅጠሎች» የሚለውን መጽሐፉን ብሩክሊን ውስጥ በራሱ ወጪ አሳተመ፤ ወደ 795 ቅጂ። የተወሰነውን ፊደል የለቀመውም ራሱ ነው። ውስጡ 12 ግጥም ነበር። በኋላ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ እዚህ ዋሽንግተን መጥቶ በየሆስፒታሉ እየዞረ ቁስለኛ ይጠይቅ ነበር። ዱፖንት ሰርክል ሜትሮ፣ በኪው ጎዳና በኩል ባለው መግቢያ ክብ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው የእሱ ግጥም ነው። ስንቶቻችን እዚያ መንገደኛ አውርደናል፤ ዛሬ ስታወርዱ ቀና በሉ።

ታዲያ ዊትማን መልአክ አልነበረም። ስሙን ደብቆ ለራሱ መጽሐፍ የምስጋና ሂስ ጽፎ ጋዜጣ ላይ አውጥቷል። እኛ በነፃ የምናገኘውን «በርታ» ምስኪኑ ራሱ መጻፍ ነበረበት! ኤመርሰን የተባለው ትልቁ ጸሐፊ መጽሐፉን አድንቆ የግል ደብዳቤ ቢልክለት፣ ሳያስፈቅድ ከደብዳቤው ቀንጭቦ በሁለተኛው እትም ላይ፣ መደርደሪያ ላይ ሲቆም በሚታየው ጎኑ፣ በወርቃማ ቀለም አሳተመው። የእኛ የጀርባ ሽፋን አስተያየቶች አያት እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። ኤመርሰን አንብቦ ነው ያደነቀው። አንብቦም ነው በ1860 ቦስተን ላይ ዊትማንን አግኝቶ «እነዚህን ግጥሞች አውጣቸው» ብሎ የተከራከረው። ዊትማን እምቢ አለ፤ መብቱ ነው። ተከራካሪ ግን ነበረው። ከዚያም እስከሞተበት እስከ 1892 ድረስ ያንኑ መጽሐፍ ሲያርም፣ ሲጨምር፣ ሲያስተካክል ኖረ፤ በመጨረሻ ወደ 400 የሚጠጋ ግጥም ሆነ። በራስ ገንዘብ ማሳተም ያልጎዳው ለዚህ ነው። የእኛ ገጣሚ ሁለተኛ እትም ሲያወጣ የሚቀየረው ምንድን ነው? ሽፋኑና ዋጋው።

እንግዲህ ትልቁ ክርክር ቀርቷል፤ እሱም የሎሚው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። «ወገን ካልገዛ፣ ካልተደጋገፈ፣ በስደት አንድም መጽሐፍ አይወጣም ነበር» ይሉኛል። እውነት ነው። እቁባችንም፣ እድራችንም፣ የለቅሶ መዋጮአችንም በዚህ ነው የቆመው። ሰው ሲሞትብን አስከሬን አገር ቤት የምንልከው በዚህ ነው። እኔ ይህን አልነካም። ነገር ግን መጽሐፍ ለቅሶ አይደለም። ለቅሶ ላይ መገኘት ይበቃል፤ ፊትህን አሳይተህ፣ ያለህን ሰጥተህ ትሄዳለህ። መጽሐፍ ላይ መገኘት አይበቃም። ሎሚውን ተሸክመን አዳራሽ አደረስነው፤ የጨመቀው ግን የለም።

ስለ ፒዲኤፍም አንድ ቃል። «ብራዘር፣ ፒዲኤፉን ላክልኝ» የሚሉኝ አሉ። መጽሐፍ በስልክ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ የሚለቅም አለ። ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አንዳንዴ ግን «ሰርቆ ያነበበ፣ ገዝቶ ካላነበበ አይሻልም ወይ?» እላለሁ። ከዚያ አንዱን ስጠይቀው ስልኩ ላይ የሰበሰባቸውን መጻሕፍት ጣቱ እስኪደክም እየገፋ ያሳየኛል። ከዚያ ውስጥ ስንቱን እንዳነበበ ስጠይቀው ይስቃል። ያው ነው። አንዱ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ይሰበስባል፣ ሌላው ስልክ ውስጥ።

ገብረ ክርስቶስ ደስታን አስቡ። ሠዓሊው፣ ገጣሚው። በ1981 እ.ኤ.አ. እዚሁ አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ በስደት ሞተ። ግጥሞቹ ተሰብስበው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርዕስ በመጽሐፍ የወጡት በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ! ባለቤቱ ቆሞ ያስመረቀው የለም፣ ባነሩ ላይ ፎቶው የለም፣ ጨረታ የለም። ታዲያ በዚያ ሩብ ምዕተ ዓመት ግጥሞቹን ማን ጠበቃቸው? ያነበበ ሰው። በቃሉ የያዘ፣ በደብተሩ የገለበጠ፣ ለጓደኛው ያነበበለት ሰው። ስለ አገር የጻፈውን ዛሬም በቃሉ የሚወጣ ስንት ሰው መካከላችሁ አለ። ግጥም የሚኖረው እንዲህ ነው።

አሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የእኛን ስደት ማን ይመሰክረዋል? የኤርፖርቱን ወረፋ፣ የነርሲንግ ሆሙን ሌሊት፣ የጋዝ ስቴሽኑን መስኮት፣ የቤይሩትንና የሪያድን ወጥ ቤት፣ በስልክ የተቀበረች እናትን? ጋዜጠኛ አይጽፈውም። አሳታሚ ድርጅትም ተራ ይዞ አይጠብቀንም። በአማርኛ የሚቀረው በእነዚህ በቲፕና በትርፍ ሰዓት ገንዘብ በታተሙ ቀጫጭን መጻሕፍት ውስጥ ነው። ያለ አርታኢ ከወጡ ይበላሻሉ፤ ያለ አንባቢ ከቀሩ የሉም። ከዚህ በኋላ ልጆቻችን «አባባ፣ እንዴት ነበር?» ብለው ቢጠይቁ የምናሳያቸው የምረቃ ቪዲዮ ነው።

አንዲት እህት አውቃለሁ፤ ሌሊት አረጋውያን ትንከባከባለች። ከእኔ በጣም የተሻለ ትጽፋለች። መጽሐፏን አወጣች፣ አዳራሹ ሞላ፣ ቅጂው አለቀ። በቀደም «ሁለተኛው የታለ?» አልኳት። «ትቼዋለሁ» አለች። «ለምን? ሰው ሁሉ ገዛሽ እኮ» ስላት «ገዙኝ» አለች፤ «ግን ለግድግዳ እንደማውራት ነው»። ይቺን ልጅ ማንም አልሰደባትም። ማንም አልከለከላትም። «በርቺ» እያልን ነው ዝም ያሰኘናት።

እንግዲህ የምለውን ልበል።

ለገዢው፦ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መጽሐፉን መሐሉ ላይ ግለጡና አንድ ግጥም ቆማችሁ አንብቡ። ካልያዛችሁ መልሱት። ገጣሚው አይሞትም። ከገዛችሁ ደግሞ በወሩ አንድ ገጽ ቁጥር ንገሩት። «ገጽ 34 ላይ ያለው ደስ ብሎኛል» ወይም «ገጽ 50 ላይ ያለው አልገባኝም»። በቃ፤ ከዚህ በላይ ትንታኔ አይጠበቅባችሁም።

ለገጣሚው፦ አዳራሹን ከመከራየትህ በፊት ለመርማሪው ክፈል። ሁለቱን መቻል ካቃተህ አዳራሹ ይቅር። ቡና ቤት ውስጥ ዐሥር ሰው ሰብስብና አንብብላቸው። የመረመረልህን ሰው ስም መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ አትም፤ ፊርማው እንዲታይ፣ እሱም እንዲጠነቀቅ። እሺ የምትለውን እሺ፣ እምቢ የምትለውን እምቢ በል፤ ግን ከመታተሙ በፊት ተከራከር።

ለምረቃ አዘጋጆች፦ መድረክ ላይ የሚወጣው ያነበበ ብቻ ይሁን። ከሦስቱ ተናጋሪዎች አንዱ ያልጣመውን የሚናገር ይሁን። ገጣሚው ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ያዳምጥ። ክትፎው ከዚያ በኋላ ይድረስ፤ እኔም እበላለሁ።

ለሁላችንም፦ መጽሐፉ ትራንክ ውስጥ እንዳይቀር። እዚህ አገር የታተመ መጽሐፍ በሦስት ወር ውስጥ ቅጂውን ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ማስገባት በሕግ የታዘዘ ነው። ያ ቤተ መጻሕፍት ከ1966 ጀምሮ ናይሮቢ ላይ ቢሮ ከፍቶ ከኢትዮጵያ ጭምር መጻሕፍት ይሰበስባል፤ እኛ በራፉ ላይ በየቀኑ ሰው እያወረድን መጽሐፋችንን ማድረስ አያቅተንም። ብዙዎቹ የካውንቲ ቤተ መጻሕፍትም «ይህን መጽሐፍ ግዙልን» ብሎ መጠየቂያ ቅጽ አላቸው። ሃያ ዶላር ከመስጠት ይልቅ ያንን ቅጽ መሙላት ለገጣሚው የበለጠ ውለታ ነው፤ የማያውቀው ሰው ሊያነበው ይችላላ።

እኔ ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ። 70 ግጥም አለ። ጋሼ ዕድሜያቸው ገፍቶ ዐይናቸው ደክሟል፤ ስለዚህ ሌላ ዐይን እፈልጋለሁ። ዐሥር ሰው ይበቃኛል። ገጣሚ መሆን አያስፈልግም፤ አማርኛ የሚያነብና የማይፈራ ይሁን። ገንዘብ አልፈልግም። እርሳስ ይዛችሁ ኑ፤ ቡናው በእኔ ነው።

ኮመንት ክፍት ነው። ተከራከሩኝ፣ ተቃወሙኝ፣ የ31ዱን ግጥም ደም ጠይቁኝ። «በርታ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ካለ ግን አጠፋዋለሁ።

ቸር ያሰንብተን። በሰላም ንዱ።